በረኛዋን ሊጠይቁ የሄዱ ሽማግሌዎች

አጎቴ በድረዲን በእትዬ ዓሊማ ላይ ሌላ ሚስት ሊያገባ መሆኑን ቆቦ ውስጥ ቀድሜ የደረስኩበት እኔ ነበርኩ። ዐሥር ዓመቴ ነበር። ከመሳሳቴ በቀር ሁሉን በደንብ ነው ያየሁት።

አጎቴ የመጣው በጥቅምት፣ ማሽላው ራሱን መድፋት በጀመረበት ሰሞን ነው። አውቶቡሱ ጎብዬን አልፎ ቆቦ ሊገባ ሲል መናኸሪያ ሳይደርስ ወረደና በጓሮ በኩል መጣ። በሌላ ጊዜ እንዲህ አይደለም የሚመጣው። የሴቶች ወጣት ብሔራዊ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ስለነበረ፣ ከመናኸሪያ እስከ ቤታችን የሰፈር ልጆች ሻንጣውን ይሻሙ ነበር፤ ባጃጆች ጥሩምባ ይነፉለት ነበር። ያን ቀን ግን ሻሹን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ በቁልቋሉ አጥር ቀዳዳ ሾልኮ ሲገባ ያየሁት እኔና ፍየላችን ብቻ ነን።

የእሱ ቤትና የእኛ ቤት ግቢያቸው አንድ ነው። እናቴ ራቢዓ ታላቅ እህቱ ናት። ሚስቱ እትዬ ዓሊማ በፊት ለፊቱ ክፍል ልብስ ትሰፋለች። እሱ አዲስ አበባ ከቡድኑ ጋር ሲከርም፣ እሷ ቆቦ ሆና የግማሽ ከተማውን ሱሪ ታሳጥራለች። ያን ዕለት ስትቀበለው አልሳቀችም። ውሃ ሰጠችውና "ምን አሉህ?" አለችው።

"ምን ያላሉኝ አለ?"

ምን እንዳሉት እኔ አውቅ ነበር። እናቴ ዳቦ ስትልከኝ በተሾመ ሻይ ቤት በኩል ነው የማልፈው። ተሾመ ጮክ ብሎ የሚናገር ሬዲዮ አለው፤ ከሬዲዮውም ይበልጥ ጮክ ብለው የሚናገሩ ደንበኞች አሉት። ቡድኑ ባለፈው እሑድ በሰው አገር ሦስት ለዜሮ ተሸንፎ ነበር። የመልሱ ጨዋታ በሁለት ሳምንቱ አዲስ አበባ ላይ ነው።

"ሦስት!" አለ አንዱ። "የሞተች አህያ በሩ ላይ ቢያስተኙ እኮ ሁለቱን ትመልስ ነበር!"

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ልጅቷ ምን ታድርግ?" አለ ተሾመ ብርጭቆ እየወለወለ። "ያስገባት ነው እንጂ። የዋጃ ልጅ ናት፤ በአገር ልጅነት ነው ያሰለፋት።"

"የኛ ልጅ ተመረጠች ብለህ ሻይ በነፃ የጋበዝከው አንተ አልነበርክም?"

"ያኔ መች ተሸንፋ!"

እኔም አመንኩ። ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ሲናገር የዐሥር ዓመት ልጅ ምን ታደርጋለች? በጓሮ የገባው ስላጠፋ ነው አልኩ።

አሁን ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ቱርክ አገር፣ ኢዝሚር ተምሬ ከተመለስኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በየሦስት ወሩ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣና መልሼ እከተዋለሁ። በዚህ መሀል አንድ ቀን አጎቴ ለአለቆቹ በእጁ የጻፈውን የዚያን ጨዋታ ሪፖርት ግልባጭ አገኘሁ። ስድስት ገጽ ነው። ቡድኑ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድሮ፣ ሁለተኛውን ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ላይ ተኝቶ፣ ጨዋታው ቦታ የደረሰው በዕለቱ ጠዋት ነው። ተጠባባቂዋ በረኛ ፓስፖርቷ ስላልደረሰ ከአገር አልወጣችም። ነሲባ፣ ማለትም የዋጃዋ ልጅ፣ የተጫወተችው ያበጠ ጣቷን ከጎረቤቱ ጣት ጋር በፕላስተር አስራ ነው። ሦስተኛው ግብ ሲገባ ኳሱ ከእጇ ያመለጠው ለዚህ ነው። ጨዋታው በቴሌቪዥን አልተላለፈም። በሬዲዮ የሚሰድባትም፣ ተሾመ ቤት የሚስቅባትም፣ አንዱም አላየውም።

ሐሙስ ዕለት ከዓስር ሶላት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊት የመጡት ሐጂ ሙህዲን ናቸው፤ በቆቦ ደም እንኳን ቢሆን እሳቸው ከገቡበት ይደርቃል ይባላል። ከኋላቸው አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ የክርስቲያን ሽማግሌና አንድ የማላውቃቸው ሰው ነበሩ። እኔ በስፌቱ ክፍል፣ ከጨርቅ ክምር ጀርባ ተቀምጬ ለአሻንጉሊቴ ቁራጭ እመርጣለሁ። መጋረጃው ስስ ነው።

"ስንት ቀን አለህ?" አሉ ሐጂ ሙህዲን።

"ዐሥር።"

"አባትየው ቢያንገራግርስ?"

"ሐጂ፣ ያለ እሷ አልሄድም። ከሷ ሌላ ሰው የለኝም።"

እጄ ላይ ያለው ቁራጭ ወደቀ።

"እንግዲያ በወጉ እንጠይቅ" አሉ ባለጋቢው። "ቅዳሜ በጠዋት ዋጃ እንሄዳለን፤ ልጅቷን ስጡን እንላለን። ሽማግሌ የቆመበትን በር ማን ይዘጋል?"

"ዓሊማስ?" አሉ ሐጂ።

"ነግሬያታለሁ። ብቻ ወሬው ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ። የጋዜጣ ሰው ከሰማ ያበላሸዋል።"

ሽማግሌ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጅቷን ስጡን፣ የአባት እሺታ። በእኛ አገር ይህ ሁሉ ምን እንደሚባል ለመረዳት ዐሥር ዓመት በቂ ነው። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ሁለተኛ ሲያገባ እንዲሁ ነበር የሆነው። የመጀመሪያ ሚስቱ የማሽላ ዱቄት እየነፋች ስታለቅስ አይቻለሁ። እትዬ ዓሊማ ስታለቅስ ታየኝ።

የሆነው ሌላ ነበር። የነሲባ አባት ኡበይድ ዋጃ ላይ ማሽላና ጤፍ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከጨዋታው ተመልሳ ቤት እንደገባች በገበያ መሀል አንድ ነጋዴ በስሟ ሲያፌዝ ሰሙ። "ልጄን አላህ የሰጠኝ ለሰው መሳለቂያ አይደለም" ብለው ከእንግዲህ ሜዳ እንዳትረግጥ ከለከሏት። አጎቴም ሸሽቶ አልነበረም የመጣው። የቡድኑን ልጆች ረዳቱ እያሠራቸው፣ እሱ በረኛዋን ሊያስመልስ ነበር። ስልክ ቢደውል ኡበይድ አያነሱም፤ ራሱ ቢሄድ ያባርሩታል። ለሚስት የሚላከውን ሽማግሌ ለበረኛ ላከ። ይህን ሐሳብ ያመጣችው ራሷ ዓሊማ መሆኗን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ለሙሚና ነገርኳት። ሙሚና ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው።

"ለማንም እንዳትነግሪ።"

"ወላሂ!"

"የዋጃዋን በረኛ ሊያገባት ነው። ሽማግሌ ልኳል።"

ሙሚና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ቤቷ እስክትደርስ ግን አልያዘችውም። ወንድሟ ተሾመ ቤት ብርጭቆ ያጥባል።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ከዋጃ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። ኡበይድ በወጉ ተቀብለዋቸዋል። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆመው "የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለዋል፤ እሳቸውም አድምጠው አስቀምጠዋቸዋል። "ከዘመድ ልማከር፤ ማክሰኞ ተመለሱ" ብለዋቸዋል። ተመለሱ ያለ አባት ግማሹን እሺ ብሏል ማለት ነው። አጎቴ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ቁራሽ በላ።

ሰኞ ማታ ቤታችን ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። የስፖርቱ ሰውዬ በዚያ በሚያብረቀርቅ ድምፁ እንዲህ አለ፦ "ከታማኝ ምንጮቻችን እንዳረጋገጥነው፣ አሰልጣኙ ከሽንፈቱ ማግስት በረኛዋን ለማግባት ወደ ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ልኳል። አሁን ለምን ያሰልፋት እንደነበር ግልጽ ነው።"

ታማኝ ምንጮች። አንደኛዋ ምንጭ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የሒሳብ የቤት ሥራ ትሠራ ነበር።

ዛሬ ድረስ የሚከነክነኝ ይህ ነው። እኔ ያየሁት መጋረጃ ነው፤ ሙሚና የሰማችው ከእኔ ነው፤ ወንድሟ ከሙሚና፤ ሻይ ቤቱ ከወንድሟ፤ ሬዲዮው ከሻይ ቤቱ። በየቦታው ሲያልፍ ወሬው ላይ እርግጠኝነት ይጨመርበታል። ልቤ ውስጥ "ሊያገባት ነው መሰለኝ" ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ "ሊያገባት ነው" ሆነ። አዲስ አበባ ሲደርስ "አረጋግጠናል" ሆነ።

ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ዋጃ ሲደርሱ ኡበይድ ከአጥራቸው ወጥተው ቆመው ጠበቋቸው።

"ሽማግሌ መስላችሁኝ!" አሉ። "ልጄን የጠየቃችሁኝ ለኳስ ብላችሁ ነው ወይስ ለጎጆ? ኸነሽምግልናችሁ ውሸት ተሸክማችሁ በሬ ላይ ቆማችሁ?"

ይህን የነገሩን ሐጂ ሙህዲን ናቸው። በስድሳ ዓመት ሽምግልናቸው ከሰው በር ተባርረው አያውቁም።

አጎቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። አሰረው። እንደገና ፈታው።

"አለቀ" አለ።

"ምኑ ነው ያለቀው?" አለች እትዬ ዓሊማ። "አምስት ቀን አለ።"

"ስሟን እንዲህ አጥፍተው፣ እንዴት አድርጌ ነው አባቷን ቀና ብዬ የማየው?"

"አንተ አታየውም" አለች። ወደ እናቴ ዞረች። "ይህን ወሬ ማን እንዳወጣው ባወቅሁ!"

እናቴ ጎረቤቶችን በስም መጥራት ጀመረች። ሦስተኛው ስም ላይ ስትደርስ አለቀስኩ።

"እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው" አልኳት ዓሊማን። "እንዳያገባብሽ ብዬ።"

እናቴ ጫማዋን አወለቀች። ዓሊማ እጇን ያዘቻት። ከዚያ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። አጎቴ ግን አልሳቀም፤ አልተቆጣኝምም። ጫማውን አሰረ። ዓሊማ ሳቋ ሲያልቅ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና "ኢልሀም፣ ነገ ትምህርት ቤት አትሄጂም" አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት በሚኒባስ ዋጃ ወረድን። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በማሽላው መሀል በእግር ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ገና ጉም ለብሰዋል፤ ማማ ላይ የቆሙ ልጆች ወፍ ለማባረር ወንጭፍ ያስጮኻሉ። የኡበይድ አጥር ሲታይ ዓሊማ ቆመችና ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሳች። በእጇ መዝና ጣለችው። አነስ ያለ አነሳች።

"ይሄ ይበቃሻል። ጎንበስ በይ።"

ማጅራቴ ላይ አደረገችው። በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ነው። የተበደለው "አውርድ" እስኪል አያወርድም። አዋቂዎች ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ ልጅ ስታደርገው ግን አላየሁም። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከሥሩ ጉንዳን ወጥቶ አንገቴ ላይ ሄደ።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ የቤት ባለቤት!" አለች ዓሊማ በሩ ላይ።

"ወዓለይኩሙ ሰላም። ማን ነሽ?"

"የበድረዲን ሚስት ነኝ።"

ከውስጥ የኮንጎ ጫማ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ፤ ጎንብሼ ስለነበር የማየው ጫማቸውን ብቻ ነው።

"ይቺስ?" አሉ።

"ታማኙ ምንጭ።"

"ማነው ድንጋይ ያሸከማት?"

"አፏ" አለች ዓሊማ።

ተራዬ መሆኑን በክርኗ ነገረችኝ። "አያ ኡበይድ፣ እኔ ነኝ" አልኩ ለጫማው። "አጎቴ ሽማግሌ ሲልክ ሊያገባት መስሎኝ ነው። ለሙሚና ነገርኳት። አላረጋገጥኩም።"

"ኸዚች ፍሬ ልጅ አፍ ነው እንግዲህ ቤቴ የታመሰው?"

"ልጅማ ልጅ ናት" አለች ዓሊማ። "እሷን ማስተማር የኔ ፋንታ ነው። እሷን አምኖ ያወራውን ጢማም ሁሉ ግን ማነው ድንጋይ የሚያሸክመው? አያ፣ ባሌ ሊያገባብኝ ቢሆን ኖሮ እኔ እዚህ የምመጣው ልጅዎን ልለምን ነው ወይስ ጸጉሯን ልነጭ?"

የጫማው ጣቶች ተንቀሳቀሱ። ይህ ሳቅ ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

"አውርጂ ለማለት እኔ ባለቤቱ አይደለሁም" አሉ። "የተሰደበችው እሷ ናት። ነሲባ!"

ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ዐሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጅም ናት፤ ሁለት ጣቶቿ በጨርቅ እንደታሰሩ ናቸው። መጥታ ድንጋዩን በደህናው እጇ ከማጅራቴ አነሳችው። አንገቴን በመዳፏ ጠረገችልኝ፤ ጉንዳኑንም አራገፈችው። እኔን አልተቆጣችም። ወደ አባቷ ነው የዞረችው።

"አባቴ፣ ልሂድ።"

"ደግመው ቢሰድቡሽስ?"

"እዚህ ተቀምጬም እየተሰደብኩ ነው። እዚያ ቢያንስ ኳሱን አየዋለሁ።"

ኡበይድ ማሽላቸውን ተመለከቱ።

"እኔ አብሬያት እሄዳለሁ" አለች ዓሊማ። "ከምታድርበት አድራለሁ። ከነክብሯ እመልስልዎታለሁ።"

"የሰው ልብስ ይዘሻል አሉ። ሥራሽስ?"

"የቆቦ ሰው አንድ ሳምንት በረጅም ሱሪ ይሂድ።"

ሐሙስ ንጋት ላይ ሦስቱ ተሳፈሩ። አጎቴ ፊት፣ ዓሊማና ነሲባ ከኋላ። በዚህ ጊዜ የተሳፈሩት ከመናኸሪያው ነው። ሰው እያየ፣ ሰው እየተጠቋቆመ።

እሑድ ኡበይድ ቆቦ መጡ። ተሾመ ሻይ ቤት ገቡና በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ማን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ግን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ጫማቸውን አውቄው ደጁ ላይ ቀረሁ። ሻይ አዘዙ፤ አልጠጡትም።

ሬዲዮው ጨዋታውን በቀጥታ ያስተላልፋል። ለማለፍ አራት ለዜሮ ማሸነፍ አለብን። በሠላሳኛው ደቂቃ አንድ አገባን፤ ተሾመ ቤት ጠረጴዛ ተደበደበ። ከዕረፍት በኋላ ሁለተኛው ገባ። ነሲባ ሁለት ኳስ አዳነች፤ አንዱን ስታድን ተሾመ ራሱ "ኧረ ጎበዝ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሰዓቱ መሮጥ ጀመረ። ሁለት ለዜሮ አለቀ። በድምሩ ሦስት ለሁለት ወደቅን።

"አላልኳችሁም?" አለ የአህያው ሰውዬ። "አሰልጣኙ መባረር አለበት! ያቺንም በረኛ ይዞ ይጥፋ!"

ኡበይድ ተነሱ።

"ልጄ፣ ዛሬ ስንት ገባባት?" አሉት።

"እ?"

"በረኛዋ ላይ። ስንት?"

"ዛሬማ... ዜሮ።"

"እንግዲህ ዛሬ የምትሰድባት በምንድን ነው?"

ሰውዬው ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ጓደኞቹ ወደ ብርጭቆአቸው ዞሩ። ኡበይድ የሻዩን ከፍለው ወጡ። ተከትዬ ሮጥኩ። ያልገባቸው ስለመሰለኝ አዘንኩላቸው።

"አያ፣ ቡድኑ እኮ ወድቋል" አልኳቸው። "ሦስት ከሁለት ይበልጣል።"

"ይህን ገበሬም ያውቃል፣ ልጄ" አሉኝ። "አውቶቡሱ መቼ ይደርሳል?"

ሰኞ ዕለት አጎቴን በሁለት መስመር ደብዳቤ አሰናበቱት። ስድስቱን ገጽ ያነበበ አልነበረም። ማክሰኞ ከሰዓት አውቶቡሱ ቆቦ ገባ። ነሲባ ዋጃ ድረስ ትቀጥላለች ብለን ነበር፤ ኡበይድ ግን መናኸሪያው ውስጥ ቆመው ጠበቋትና "ውረጂ" አሏት። "በከተማው መሀል በእግራችን እንሂድ።"

"አባቴ፣ ሰው አለ እኮ።"

"ለዚያ ነው።"

ነሲባ የቡድኑን ማልያ እንደለበሰች ነበር። ዓሊማ ነጠላ ልትጥልላት ስትል በእጇ መለሰቻት። የአጎቴን ሻንጣ ሊሸከሙ የመጡ ልጆች አልነበሩም፤ ራሱ ተሸከመ። አራቱ በአስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ሄዱ፤ እኔ ከኋላ።

ከተሾመ ሻይ ቤት ማዶ ስንደርስ ከውስጥ አንድ ሰው አንድ ነገር ተናገረ። ሌሎች ሳቁ። ዓሊማ የነሲባን ክንድ ይዛ ልታሳልፋት ሞከረች።

ነሲባ ቆመች። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፤ እግሯን ከፈት አድርጋ፣ ትከሻዋን አቅንታ በሩ ፊት ለፊት ቆመች።

"ሰምቻለሁ" አለች። "ውጣና ፊቴ ላይ ድገመው።"

ባጃጅ አለፈ። ጤፍ የጫነ ግመል አለፈ። ከሻይ ቤቱ ማንም አልወጣም። አጎቴም ሻንጣውን አስቀመጠና ከጎኗ ቆመ፤ ኡበይድ በሌላው ጎን። አልተጣደፉም። ጥላቸው አስፋልቱን አቋርጦ ደጁን እስኪነካ ድረስ ቆሙ።